ብዙ መዝገብ፣ አንድ ሥርዓት
በእጅ ስልክ ለሚሠራ የንግድ ፕሮግራም አጭር ኮድ ስለ መጻፍ የቀረበ ትምህርት

የንግድ ሥራ እየሰፋ ሲሄድ መዝገቡም አብሮ ይበዛል። አንድ ሱቅ ብቻ ላለው ነጋዴ አንድ ደብተር ይበቃው ይሆናል፤ ከመርካቶው ሱቅ ሌላ በቃሊቲ መጋዘን የያዘ፣ ዕቃውን ከባሕር ማዶ የሚያስመጣና በዱቤ የሚያከፋፍል ነጋዴ ግን የዕቃ፣ የመጋዘን፣ የአቅራቢ፣ የደንበኛ፣ የዲክላራሲዮን፣ የሽያጭ፣ የዱቤና የገንዘብ መዝገብ ያስፈልገዋል። እነዚህ ስምንቱ ቀድሞ በመደርደሪያ ላይ የሚደረደሩ ጥራዞች ነበሩ። ዛሬ በብዙ ቤት በእጅ ስልክ ወይም በታብሌት ውስጥ ባለ ፕሮግራም ይያዛሉ፤ የሙያው ሰዎችም እያንዳንዱን የመረጃ ቋት፣ በተለምዶ ዳታቤዝ ይሉታል።

የዚህ ትምህርት ዓላማ አንድ ፕሮግራም ብዙ መዝገቦችን ሲያንቀሳቅስ ኮዱ፣ ማለት ለስልኩ የሚሰጠው የሥራ ትእዛዝ ጽሕፈት፣ እንዴት አጭርና የተሰበሰበ ሆኖ ሊጻፍ እንደሚችል ማስረዳት ነው። ነጋዴው ኮዱን በገዛ እጁ አይጽፈው ይሆናል። ነገር ግን የሚያስጽፈውና ዋጋውን የሚከፍለው እርሱ ነው፤ ስሕተት በተገኘም ጊዜ የሚጎድለው ዕቃ የእርሱ፣ የሚጠፋውም ዱቤ የእርሱ ነው። ቤት የሚያሠራ ሰው ግንበኛ ባይሆንም ግድግዳው ቀጥ ማለቱን አይቶ እንደሚረከብ ሁሉ፣ ፕሮግራም የሚያሠራ ነጋዴም ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው ማወቁ ይጠቅመዋል።

1ኛ፤ ጕዳዩ በቃሊቲ መጋዘን ሲታይ

ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ ወደ አዳማና ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ የጉምሩክ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት፣ ፋብሪካዎችና ብዙ መጋዘኖች ይገኙባታል። ከወደብ የመጣ የጭነት መኪና በመጋዘን በር ላይ ሲቆም ኃላፊው ካርቶኑን ይቈጥራል፤ ቍጥሩን ከዲክላራሲዮኑና ከአቅራቢው ፋክቱር ጋራ ያመሳክራል፤ የጎደለውንና የተሰበረውን ይጽፋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ቆሞ፣ በአንድ እጁ ስልኩን በሌላው ሰነዱን ይዞ ነው። በቆርቆሮ ጣራ ሥር የኢንተርኔት መስመር ሊደክም ወይም ሊቋረጥ ስለሚችል መዝገቡ በስልኩ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ከቢሮው መዝገብ ጋራ የሚገናኘው በኋላ፣ መስመር ሲገኝ ነው።

ለዚህ ዓይነት ሥራ በብዛት የሚያገለግለው ኤስኪውላይት የተባለው የመረጃ ቋት ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ሲሆን በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ አብሮ ይገኛል። አንድ ሙሉ የመረጃ ቋት በአንድ ፋይል ውስጥ ይይዛል፤ መዝገቡን የሚያስተናግድ ሌላ ኮምፒዩተርም አይፈልግም። ስለዚህ አንድ ተራ ስልክ የመጋዘኑን መዝገብ በሙሉ ሊሸከም ይችላል። የሚያስቸግረው ከመዝገቡ በላይ ያለው ኮድ ነው።

2ኛ፤ ኮድ እንዴት ይበዛል?

ለምሳሌ አንድ አስመጪ በመጀመሪያ የዕቃ መዝገብ ብቻ አሠራ እንበል። ባለሙያው ለዚህ መዝገብ አምስት ሥራዎችን ይጽፋል፤ እነርሱም አዲስ መስመር ማስገባት፣ የገባውን ማንበብ፣ ማረም፣ መፈለግና መሰረዝ ናቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ የደንበኛ መዝገብ ይፈለጋል። ፈጣኑ መንገድ የዕቃውን ኮድ ገልብጦ ስሞቹን ብቻ መለወጥ ስለ ሆነ ባለሙያው እንዲሁ ያደርጋል። ቀጥሎ የዱቤ፣ ከዚያም የዲክላራሲዮን እየተባለ መዝገቡ ስምንት ሲደርስ፣ አምስቱ ሥራዎች ስምንት ጊዜ ተጽፈው 40 ይሆናሉ። እያንዳንዱ 30 መስመር ቢፈጅ ጠቅላላው ኮድ 1,200 መስመር ነው።

ከውጭ ለሚያየው ሰው ፕሮግራሙ ደኅና ይሠራል። ጕዳቱ የሚገለጠው ለውጥ ሲመጣ ነው። በዕቃው መዝገብ ኮድ ውስጥ አንድ ስሕተት ተገኝቶ ቢታረም፣ ያው ስሕተት በሰባቱ ቅጂዎች ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ባለሙያው ሰባቱንም አስታውሶ ካላረመ፣ ወይም ሥራውን ትቶ ሌላ ሰው ከተተካ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንቱ መዝገቦች በአንድ ቤት እየኖሩ በሁለት ሕግ መተዳደር ይጀምራሉ።

በመጀመሪያ ጊዜ አጭር ኮድ የሚፈለገው ቦታ ለመቈጠብ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበችው ፓይለት 1000 የተባለች የእጅ ኮምፒዩተር የነበራት የማስታወሻ ቦታ 128 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ በእርሷ ላይ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው እያንዳንዱን መስመር ይመጥን ነበር። ዛሬ ርካሹ ስልክ እንኳ ከዚያ ብዙ ሺህ እጥፍ ቦታ አለው። ቢሆንም አጭር ኮድ መጻፍ ዛሬም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ተደጋግሞ የተጻፈ ሥራ ሁሉ ስሕተት ሊደበቅበት የሚችል ተጨማሪ ጓዳ ነው።

3ኛ፤ ቅጂዎች ሲለያዩ የሚደርሰው ጕዳት

የመጀመሪያው ጕዳት የፊደል ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሐና ኀ በአነጋገር አንድ ናቸው፤ እንዲሁም ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ። የኢትዮጵያ ፊደል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ዝርዝር ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቍጥር ስላገኘ፣ ለኮምፒዩተሩ ኃይሉና ሀይሉ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። የሱቁ ጸሐፊ ደንበኛውን በ«ኃ» ቢጽፈው፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ደግሞ በ«ሀ» ቢፈልገው፣ ፕሮግራሙ «የለም» ብሎ ይመልሳል። ኃላፊውም አዲስ ደንበኛ መስሎት እንደ ገና ይመዘግበዋል። እንግዲህ ለአንድ ሰው የተፈቀደው የዱቤ ልክ 50,000 ብር ቢሆን፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበው ደንበኛ ማንም ሳያውቅ እስከ 100,000 ብር ድረስ ዕቃ ሊወስድ ይችላል። ይህን ችግር ባለሙያው በደንበኛ መዝገብ ላይ አርሞት በዱቤ መዝገብ ላይ ቢረሳው፣ ችግሩ ተወግዷል የሚለው እምነት ጕዳቱን ያብሰዋል።

ሁለተኛው የቀን ጕዳት ነው። የውጭ አቅራቢ ፋክቱር በአውሮፓ ቀን ይጻፋል፤ የአገር ውስጥ ደረሰኝና የዱቤ ውል በኢትዮጵያ ቀን ይጻፋል። መስከረም 1 ቀን ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት ግን ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለ ነበረችው፣ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን በሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ዋለ። ይህን የሚያውቅ የቀን መለወጫ በአንዱ መዝገብ፣ የማያውቅ ደግሞ በሌላው ቢኖር፣ የአንዱ ዱቤ መክፈያ ቀን በሁለቱ መዝገቦች በአንድ ቀን ይለያያል። አንድ ቀን ትንሽ ይመስላል፤ የባንክ ቀጠሮ ላለበት ነጋዴ ግን ትንሽ አይደለም።

ሦስተኛው የገንዘብ ጕዳት ነው። በአዋጅ ቍጥር 285/1994 የተደነገገውና በኋላ በአዋጅ ቍጥር 1341/2016 የተተካው የተጨማሪ እሴት ታክስ ልክ ከመቶ 15 ነው። ዋጋው 125 ብር ከ50 ሳንቲም የሆነ ዕቃ ታክሱ ሲሰላ 18.825 ብር ይመጣል። አንዱ ኮድ ወደ ላይ አጠጋግቶ 18.83 ሲጽፍ፣ ሌላው ትርፉን ቆርጦ 18.82 ቢጽፍ፣ ልዩነቱ አንዲት ሳንቲም ነው። በ400 የሽያጭ መስመሮች ላይ ግን 4 ብር ይሆናል። ገንዘቡ የሚያስከፋ ባይሆንም የሽያጩና የገንዘቡ መዝገብ አይገጥሙም፤ ሒሳብ ሠራተኛውም ያልገጠመበትን ምክንያት ሲፈልግ ቀኑን ሙሉ ይውላል።

4ኛ፤ መፍትሔው

ነጋዴ የመፍትሔውን መንገድ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ሉካ ፓቾሊ የተባለው ኢጣሊያዊ መነኵሴና የሒሳብ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1494 ዓ.ም. በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ የነጋዴዎችን የሒሳብ አያያዝ ሲያስረዳ፣ የዕለት ማስታወሻ፣ ጆርናልና ዋና መዝገብ የተባሉ ሦስት መጻሕፍትን ይዘረዝራል። በዋናው መዝገብ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰውና ለእያንዳንዱ ዕቃ የተለየ ገጽ ቢኖርም፣ የአጻጻፉ ሥርዓት በሁሉም ገጽ አንድ ነው። ለበርበሬ አንድ ደንብ፣ ለሐር ሌላ ደንብ አልተሠራም።

የኮምፒዩተር ሰዎችም ወደዚሁ ሐሳብ የደረሱት ቀደም ብለው ነው። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤድሳክ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ የሠሩት ዊልክስ፣ ዊለርና ጊል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1951 ዓ.ም. ባወጡት መጽሐፍ፣ ተደጋግሞ የሚያስፈልግ ሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ በተፈለገ ቍጥር እንዲጠራ የሚያደርገውን ዘዴ አስረድተዋል። ይህም ንዑስ ፕሮግራም ይባላል።

በስምንቱ መዝገቦች ላይ ሲውል አሠራሩ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ክፍል ለሁሉም መዝገብ የሚያገለግሉ አምስት ንዑስ ፕሮግራሞች ነው። ሁለተኛው ክፍል እያንዳንዱ መዝገብ ምን ዓምዶች እንዳሉት የሚናገር መግለጫ ነው። ንዑስ ፕሮግራሙ ሲጠራ የመዝገቡ ስም ይነገረዋል፤ እርሱም መግለጫውን አንብቦ ሥራውን በዚያው መሠረት ይፈጽማል። የአንድ መግለጫ መልክ ይህን ይመስላል።

መዝገብ፦ ደንበኛ
ዓምድ 1፦ ሙሉ ስም፤ ዓይነቱ ጽሑፍ፤ ባዶ መሆን አይችልም፤ በፍለጋ ይገኛል
ዓምድ 2፦ የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር፤ ዓይነቱ 10 አሃዝ፤ በፍለጋ ይገኛል
ዓምድ 3፦ የዱቤ ልክ፤ ዓይነቱ ገንዘብ
ዓምድ 4፦ የተመዘገበበት ቀን፤ ዓይነቱ ቀን፤ ባዶ መሆን አይችልም

«አስገባ» የተባለው ንዑስ ፕሮግራም ይህን መግለጫ ሲያነብ፣ ስሙ ባዶ እንዳይሆን፣ መለያ ቍጥሩም ከተጻፈ አሥር አሃዝ መሙላቱን ያረጋግጣል። የዲክላራሲዮኑን መግለጫ ሲያነብ ደግሞ በዚያ የተጻፈውን ይፈጽማል። «ፈልግ» የተባለውም «በፍለጋ ይገኛል» የሚል ቃል በተጻፈባቸው ዓምዶች ብቻ ይፈልጋል።

ቍጥሩ ሲታሰብ፣ ለሁሉም የሚያገለግል ንዑስ ፕሮግራም ለአንድ መዝገብ ብቻ ከሚጻፈው ስለሚረዝም እያንዳንዱ 45 መስመር ይፈጅ እንበል፤ አምስቱ 225 መስመር ይሆናሉ። እያንዳንዱ መግለጫ 10 መስመር ቢሆን ስምንቱ 80 ናቸው። ጠቅላላው 305 መስመር፣ ማለት የቀድሞው 1,200 መስመር ሩብ ያህል ነው። ዘጠነኛ መዝገብ ሲያስፈልግ ጥቅሙ ይበልጥ ይታያል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በስልክ የሚከፈለውን ገንዘብ ለብቻ መመዝገብ የፈለገ ነጋዴ፣ በቀድሞው አሠራር 150 አዲስ መስመር ማስጻፍ ነበረበት፤ በዚህኛው አሠራር 10 መስመር መግለጫ ይበቃዋል። እነዚያ አሥር መስመሮችም የሚጠሩት ቀድሞ የተፈተነውን ሥራ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመዝገቡና የዓምዱ ስም ሁልጊዜ ከመግለጫዎቹ ዝርዝር ብቻ መወሰድ አለበት፤ ሠራተኛ በስልኩ ላይ የጻፈው ቃል እንደ መዝገብ ስም ከቶ መግባት የለበትም። ሠራተኛው የጻፈው ስም፣ ቍጥርና ቀንም ከትእዛዙ ጋራ ሳይቀላቀል፣ ለዋጋ ብቻ በተተወለት ቦታ መግባት ይገባዋል። ይህ ካልተጠበቀ ተንኰለኛ ሰው በደንበኛ ስም ቦታ ላይ ትእዛዝ ጽፎ መዝገቡን ሊያበላሽ ወይም ያልተፈቀደለትን ሊያነብ ይችላል።

መሰረዝን በሚመለከትም የነጋዴው የቈየ ልማድ ይበልጣል። በመልካም መዝገብ የተሳሳተ መስመር አይፋቅም፤ በላዩ መስመር ተሰምሮበት ይነበባል። «ሰርዝ» የተባለውም ንዑስ ፕሮግራም መስመሩን ሳያጠፋ «የተሰረዘ» የሚል ምልክት፣ የሰረዘውን ሠራተኛ ስምና ቀኑን ይጻፍበት። ይህ ደንብ በአንድ ቦታ ስለ ተጻፈ በስምንቱም መዝገቦች ይሠራል።

5ኛ፤ ሦስቱ ረዳቶች

በሦስተኛው ክፍል የተጠቀሱት ጕዳቶች የሚወገዱት ለፊደል፣ ለቀንና ለገንዘብ አንድ አንድ ረዳት ንዑስ ፕሮግራም በመሥራት ነው።

የፊደሉ ረዳት ስሙን ተቀብሎ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነዘሮቻቸው ይመልሳል፤ እንዲሁም በአነጋገር የማይለዩትን ሀና ሃን፣ አና ዓን የመሰሉትን ወደ አንድ መልክ ያመጣል። የተመለሰውን ስም የፍለጋ ቍልፍ አድርጎ በተለየ ዓምድ ያኖረዋል። ባለቤቱ የጻፈው ስም ግን እንዳለ መጠበቅ አለበት፤ በደረሰኝና በውል ላይ የሚታተመው እርሱ ነው። ኤስኪውላይት በራሱ ይህን የአማርኛ ልማድ ስለማያውቅ ረዳቱን የሚጽፈው ባለሙያው ነው።

የቀኑ ረዳት ማንኛውንም ቀን በአንድ ዓይነት መልክ፣ ለምሳሌ በአውሮፓ ዓመት፣ ወርና ቀን ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ በስልኩ መስተዋት ላይ ሲያሳይ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ ቀን ይለውጠዋል። እንዲህ ሲሆን የአቅራቢው ፋክቱርና የሱቁ ደረሰኝ በቀን ቅደም ተከተላቸው አብረው ይሰለፋሉ፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚቈጠረውን የበጀት ዓመት ሒሳብ ለይቶ ማውጣትም ይቀላል።

የገንዘቡ ረዳት ብርን በሳንቲም ሙሉ ቍጥር ይይዛል፤ 125 ብር ከ50 ሳንቲም በመዝገቡ ውስጥ 12,550 ተብሎ ይቀመጣል። የታክሱ ልክና የማጠጋጊያው ደንብ በዚህ ረዳት ውስጥ ብቻ ይኑር። የውጭ ምንዛሪም እንደዚሁ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ። ምንዛሪው በኮድ ውስጥ በየቦታው የተጻፈበት ፕሮግራም እንዲህ ባለ ቀን አንዱን በአዲስ፣ አንዱን በአሮጌ ዋጋ ያሰላል። ስለዚህ ምንዛሪው ከነቀኑ በአንድ የተለየ ሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ ዕቃው የተገዛበት ምንዛሪም በግዢው መስመር ላይ ተጽፎ ይቅር፤ አለዚያ የዛሬው ዋጋ የትናንቱን ግዢ ይለውጠዋል።

6ኛ፤ አንድ ሽያጭ፣ ሦስት መዝገብ

በዱቤ የተሸጠ አንድ ካርቶን ሦስት መዝገብ ይነካል፤ ከዕቃው ይቀነሳል፣ በሽያጩ ይጻፋል፣ በዱቤው ይጨመራል። ሁለቱ ተጽፈው ሦስተኛው ሳይጻፍ ስልኩ ባትሪ ቢያልቅበት፣ ዕቃው ወጥቶ ዕዳው ሳይመዘገብ ይቀራል። ይህን ለመከላከል የመረጃ ቋት ሥርዓቶች ሦስቱን ጽሕፈት እንደ አንድ ሥራ የሚቈጥሩበት ዘዴ አላቸው፤ ሁሉም ተፈጸመ፣ ወይም አንዱም እንዳልተጀመረ ሆነ። ባለሙያዎቹ ትራንዛክሽን ይሉታል።

የጋራ ንዑስ ፕሮግራም ባለበት ይህ ጥበቃ የሚጻፈው አንድ ጊዜ ነው። ኮዱ በተደጋገመበት ግን ባለሙያው በየሽያጩ፣ በየተመላሹ፣ በየዝውውሩ ማስታወስ ይኖርበታል፤ አንዱን ሲረሳ የሚታወቀው የዕቃ ቈጠራ ሲደረግ ነው።

በዚህ ምክንያት ስምንቱን መዝገቦች በስምንት ፋይል ከማስቀመጥ በአንድ ፋይል ውስጥ ስምንት ሠንጠረዥ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። ኤስኪውላይት ተጨማሪ ፋይሎችን አያይዞ ሊሠራ ይችላል፤ የሚያያዙት ግን ካልተለወጠ በቀር ከ10 አይበልጡም፤ በአንዳንድ አሠራሩም የመብራት መጥፋት ወይም የባትሪ ማለቅ ሲያጋጥም በተለያዩ ፋይሎች የተጻፈው አብሮ እንደሚጸና ዋስትና የለውም። በአንድ ፋይል ሲሆን መክፈቻውም፣ መዝጊያውም፣ የመጠባበቂያ ቅጂ ማውጫውም አንድ ይሆናል።

7ኛ፤ የማይዋሐደውን አለማዋሐድ

ማሳጠር ልክ አለው። የዱቤ ልኩን ላለፈ ደንበኛ ዕቃ አለመስጠት የደንበኛ ደንብ ነው፤ በጉምሩክ የተመዘገበ ዲክላራሲዮንን በስልክ አለማረም የዲክላራሲዮን ደንብ ነው። እነዚህን ሁሉ «ደንበኛ ከሆነ እንዲህ፣ ዲክላራሲዮን ከሆነ እንዲያ» እያሉ በጋራው ንዑስ ፕሮግራም ውስጥ መክተት ኮዱን አጭር አስመስሎ ያወሳስበዋል። ከጊዜ በኋላም አንዱን ለማረም ሲነካ ሌላው ይበላሻል።

ስለዚህ መለያው ቀላል ነው። ለሁሉም መዝገብ አንድ የሆነ ሥራ በጋራው ይጻፍ፤ በዓምድ ዓይነት ብቻ የሚለየው በመግለጫው ይጻፍ፤ የንግዱ ደንብ የሆነው ደግሞ በራሱ ቦታ፣ በራሱ ስም ተጽፎ የጋራው ሥራ ከመፈጸሙ በፊት ይጠራ። የዱቤ ልክን ደንብ ለመለወጥ የፈለገ ነጋዴ ባለሙያውን «የት ነው የተጻፈው?» ቢለው አንድ ቦታ ብቻ ሊያሳየው ይገባል።

8ኛ፤ ከአሮጌው ወደ አዲሱ መሻገር

ኮዱ ተደጋግሞ የተጻፈበት ፕሮግራም ያለው ነጋዴ ሁሉንም በአንድ ሌሊት ማስለወጥ የለበትም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም እንደ ተባለ፣ በመጀመሪያ የመዝገቡ ሙሉ ቅጂ ከስልኩ ውጭ ይቀመጥ፤ ቅጂውም በሌላ ስልክ ላይ ተከፍቶ መነበቡ ይረጋገጥ። ቀጥሎ ከመዝገቦቹ መካከል ትንሹና ገንዘብ የማይነካው፣ ለምሳሌ የአቅራቢው መዝገብ፣ ወደ አዲሱ ሥርዓት ይዛወር። ለአንድ ሳምንት አሮጌውና አዲሱ ጐን ለጐን ሠርተው የመስመራቸው ብዛት ይመሳከር። ከዚያ የዕቃው፣ ከዚያም የሽያጩ፣ በመጨረሻ የዱቤና የገንዘቡ መዝገብ ይከተል፤ በእነዚህም የመስመሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን የገንዘቡ ድምር መግጠም አለበት።

የጋራ ንዑስ ፕሮግራም አንድ አደጋ እንዳለውም መታወቅ ይገባል። በትክክል ሲጻፍ ስምንቱን እንደሚያቃና፣ ሲሳሳትም ስምንቱን ያሳስታል። ስለዚህ በእርሱ ላይ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ በሥራ ላይ ባለው ስልክ ከመግባቱ በፊት በሙከራ መዝገብ ላይ ይፈተን። ለሙከራው የሚመረጡት ስሞችና ቍጥሮች አስቸጋሪዎቹ ይሁኑ፤ ፀሐይ በሁለቱም ጸ ተጽፋ፣ ጳጉሜን 6 ቀን፣ በ50 ሳንቲም የሚያልቅ ዋጋ፣ ባዶ የተተወ ስም። ሰኔ 30 በቀረበበት ሰሞን፣ የዓመቱ ሒሳብ በሚዘጋበት ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ሥራ አለመጀመር ይመረጣል።

ለባለሙያው የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ፕሮግራም የሚያሠራ ወይም የተሠራውን የሚረከብ ነጋዴ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሚከተሉትን ይጠይቅ።

ሀ) አዲስ መዝገብ ቢያስፈልግ ስንት መስመር ይጨመራል? ስንት ቀንስ ይፈጃል?
ለ) የታክሱ ልክ ቢለወጥ ኮዱ የሚታረመው በስንት ቦታ ነው?
ሐ) ኃይሉ ብሎ የተመዘገበ ደንበኛ ሀይሉ ተብሎ ሲፈለግ በሁሉም መዝገብ ይገኛልን?
መ) ሽያጭ በመመዝገብ ላይ ሳለ ስልኩ ቢጠፋ ዕቃውና ዱቤው ይገጥማሉን?
ሠ) የተሰረዘ መስመር ማን እንደ ሰረዘውና መቼ እንደ ተሰረዘ ይታያልን?
ረ) የኮዱ ሙሉ ቅጂና የመዝገቦቹ መግለጫ ለነጋዴው ተሰጥቷልን?

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ «በአንድ ቦታ» ካልሆነ፣ ፕሮግራሙ ገና አልተሰበሰበም ማለት ነው። ሦስተኛውንና አራተኛውን ነጋዴው ራሱ በመጋዘኑ ውስጥ ስልኩን ይዞ ሊፈትናቸው ይችላል፤ ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አይፈጅበትም። የመጨረሻውም መዘንጋት የለበትም፤ ባለሙያው ቢለወጥ እንኳ ቀጣዩ ሰው ሦስት መቶ መስመር አንብቦ ሥራውን ሊቀጥል የሚችለው ኮዱና መግለጫው በነጋዴው እጅ ከተገኘ ብቻ ነው።